«ወድቆ ነው» አትበሉ፦ በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳትና ስለ ሕክምና ወጪው

ኮምቦልቻ ውስጥ ማሽን ጣቱን የጨፈለቀው ሠራተኛ ጤና ጣቢያ ሲደርስ፣ ካርድ የሚያወጣለት አብዛኛውን ጊዜ አብሮት የመጣው የሰው ሀብት ሠራተኛ ወይም የፈረቃ ኃላፊው ነው። ሐኪሙ «ምን ሆኖ ነው?» ሲል ታማሚው ጥርሱን ነክሶ ተቀምጧል፤ መልስ የሚሰጠው አጃቢው ነው። «ወድቆ ነው» ይላል። ብዙውን ጊዜ ክፋት የለውም፣ ነገር ለማሳጠር ነው። ሐኪሙም የሰማውን ይጽፋል። ከወራት በኋላ ግን ኢንሹራንሱም ሆነ የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ፣ ነገሩ ከከረረም ፍርድ ቤቱ፣ መጀመሪያ የሚገልጡት ያችኑ ገጽ ነው። «ወድቆ ነው» የሚል ካርድ ይዞ «ማሽን ነው የቆረጠኝ» ብሎ መከራከር ከባድ ነው።

ስለዚህ ካርዱ ላይ መስፈር ያለበትን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ጉዳቱ የደረሰበት ቀንና ሰዓት፤ የደረሰበት ቦታ፣ ማለትም የፋብሪካው ክፍል ወይም የግንባታው ፎቅ፤ ምን እንደመታው ወይም እንደቆረጠው፤ የትኛው አካል እንደተጎዳና ግራ ይሁን ቀኝ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ። ግራና ቀኝ መቀያየር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ራጁ ስለ ቀኝ እጅ፣ ካርዱ ስለ ግራ እጅ ሲናገር ግን የመድን ሰው ፋይሉን ለማቆም ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም። ሐኪሞቻችን የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ታማሚው አንብቦ ላያረጋግጥ ይችላል። «ዶክተር፣ ሥራ ላይ መሆኑን ጽፈውልኛል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ስምም እንዲሁ ነው፤ በመታወቂያው፣ በደመወዝ መክፈያውና በካርዱ ላይ ያለው ስም ከነአያቱ አንድ ዓይነት ይሁን።

የአንዲት ገጽ ነገር ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ለምን እንደሆነ በብር እንየው። የወር ደመወዙ 4,800 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። ጉዳቱ የሥራ ላይ ጉዳት ተብሎ ከተያዘ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ቢበዛ እስከ አንድ ዓመት በየወሩ ይከፍለዋል፦ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። በወር 4,800፣ ከዚያ 3,600፣ ከዚያ 2,400 መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት 25,200 ብር ይደርሰዋል። ያው ሰው፣ ያው ስብራት፣ በተራ የሕመም ፈቃድ ከተመዘገበ ግን የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ባዶ ናቸው፤ በድምሩ 9,600 ብር። ልዩነቱ 15,600 ብር ነው። ይህ እንግዲህ ሕክምናው ሳይቆጠር ነው። ለተራ ሕመም አሠሪው የሕክምና ወጪ እንዲከፍል አዋጁ አያስገድደውም፤ ለሥራ ላይ ጉዳት ግን ግዴታው ነው። በዚያ ላይ የሕመም ፈቃድ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ መብት ሲሆን፣ የሥራ ላይ ጉዳት ግን በገባ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ቢደርስም ያው ጉዳት ነው።

ስሌቱ የሚነሳው ከጉዳቱ በፊት ከነበረው አማካይ ደመወዝ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ አበልና ጉርሻ «ደመወዝ» አይባሉም፤ በትርፍ ሰዓት የወር ገቢውን ከፍ አድርጎ የለመደ ሠራተኛ ክፍያው ሲያንስበት የተጭበረበረ የሚመስለው ለዚህ ነው።

አሠሪው የሚከፍለው ሲያጠፋ ብቻ ነው የሚለው እምነት በሁለቱም ወገን አለ፣ ስህተትም ነው። የአዋጁ አንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። ሠራተኛው ተዘናግቶ፣ ደክሞት ወይም ልምድ አንሶት ቢጎዳም መብቱ አይቀርም። የሚቀረው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ባደረሰው ጉዳት ነው። እንደ ሆን ብሎ የሚቆጠሩትም የታወቁ ናቸው፦ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ፣ ወይም ሰውነቱንና አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባት። «በግልጽ» የሚለው ቃል ላይ ብዙ ክርክር አለ። ግድግዳ ላይ በእንግሊዝኛ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ፣ ሠራተኛው ሥልጠና ወስዶ ያልፈረመበት መመሪያ፣ ወይም መከለያው ተፈትቶ ለወራት በቆየ ማሽን ላይ «ለምን ጠጋ አልክ» ማለት ውሃ አያነሳም። በነገራችን ላይ «ጓንት አላደረገም» የሚለው ክስ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። በሚሽከረከር ዘንግ፣ በመሮጫ ቀበቶና በመሰርሰሪያ ላይ ጓንት ጭራሽ እጅን ጎትቶ የሚያስገባ ነገር ነው፤ እዚያ የሚከላከለው የማሽኑ መከለያ ነው።

«ሥራ ላይ» የሚባለውም ማሽኑ ፊት ከመቆም ይሰፋል። በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ፣ ከፈረቃ በፊት ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ አሠሪው ልኮት ከግቢ ውጭ፣ ይህ ሁሉ ይገባል። ለኛ አካባቢ በጣም የሚጠቅመው የሰርቪሱ ጉዳይ ነው። ደሴ እያደረ ኮምቦልቻ የሚሠራ ብዙ ሰው አለ። ድርጅቱ ባቀረበው ወይም ለዚሁ ብሎ በተከራየው መኪና ሐረጎ ላይ አደጋ ከደረሰ የሥራ ላይ ጉዳት ነው። በራሱ ወጪ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሲመጣ ከሆነ ግን በዚህ ድንጋጌ አይሸፈንም፤ ያ በመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን የሚታይ ነው። የመንገድ አደጋ ሲሆን የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት በሁለቱም መንገድ ስለሚጠየቅ በዚያው ሰሞን ማውጣት ነው።

የቀን ሠራተኛስ? የጽሑፍ ውል የሌለውም ሠራተኛ ሠራተኛ ነው፤ የቃል ውል በሕግ የታወቀ ነው። ጭንቁ ማስረጃው ላይ ነው። የሰዓት መቆጣጠሪያ፣ የመክፈያ ሊስት ፎቶ፣ ባጅ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ የገባ ክፍያ መልእክት፣ አብረው የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ እነዚህ ይበቃሉ። በማኅበር ተደራጅተው ሥራውን በጥቅል ዋጋ የሚይዙ ጫኝና አውራጆች ግን እንደየውላቸው ለራሳቸው የሚሠሩ ተብለው ከአዋጁ ሊወጡ ይችላሉ፤ ለነሱ የማኅበሩ የራሱ መድን መኖር አለበት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ደግሞ በራሳቸው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ይተዳደራሉ።

ወደ መጀመሪያው ሰዓት እንሂድ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው። አሠሪው የመጀመሪያ እርዳታ በጊዜው መስጠት፣ ሠራተኛውን በተገቢ ማጓጓዣ ቅርብ ወዳለ ሕክምና ማድረስና ጉዳቱን ለሚመለከተው አካል ማስታወቅ አለበት። «ተገቢ ማጓጓዣ» የሚለውን በቁም ነገር እዩት። ከፎቅ የወደቀና ወገቡን ወይም አንገቱን ያመመውን ሰው አጣጥፎ ባጃጅ ላይ መጫን፣ ያልተጎዳውን የሕብለ ሰረሰር ነርቭ ሊጎዳው ይችላል። በሰሌዳ ወይም በበር ሳንቃ ላይ ቀጥ አድርጎ አንገቱን በሁለት በኩል ደግፎ ማንሳት፣ ካልተቻለ ሳያንቀሳቅሱ አምቡላንስ መጠበቅ ይሻላል፤ የቀይ መስቀሉ 907 ነው። የሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ጠንክሮ ተጭኖ መያዝ ነው እንጂ ቡና መነስነስ አይደለም። በመጫን ካልቆመና ከእጅ ወይም ከእግር ከሆነ ብቻ ከቁስሉ በላይ ይታሰራል፤ የታሰረበት ሰዓት ግንባሩ ላይም ቢሆን ይጻፋል። አጥንቱ ቆዳ በስቶ የወጣ ስብራት ላይ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና የቴታነስ መከላከያ ቶሎ መጀመር ስላለባቸው፣ «ደሴ ሲደርስ ይሰጠዋል» ብሎ ቅርቡን ጤና ተቋም ማለፍ አይገባም።

ኬሚካል ዓይን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ ማጠብ፣ ከዚያ መሄድ። በጨርቃጨርቅ፣ በቆዳና በቢራ ፋብሪካዎች የሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ላይ ከአሲድ የባሰ ነው፤ አሲድ የነካውን አቃጥሎ እዚያው ሲቆም ኮስቲክ ግን ሰርስሮ መግባቱን ይቀጥላል። የዐይን ሽፋኑን ከፍቶ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብ፣ ሌንስ ካለ ማውጣት፣ የኬሚካሉን ስም ከጀሪካኑ ላይ ፎቶ አንስቶ ይዞ መሄድ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሳይታጠብ በመኪና የተጓዘ ዓይን ጠመዝማዛውን ወጥቶ እስኪያልቅ ይቃጠላል። ከደሴ በስተሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ስለሆነ ሪፈሩ ወደዚያ ሊሆን ይችላል።

የሌሊት ፈረቃ የራሱ ጣጣ አለው። ድርጅቱ ከሆስፒታል ወይም ከክሊኒክ ጋር የዱቤ ሕክምና ውል ቢኖረውም፣ ማህተም ያለበት የመላኪያ ደብዳቤ ከሌለ ገንዘብ ቤቱ በዱቤ አይቀበልም። ማህተሙ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ካዝና ውስጥ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቁጥር የተሰጣቸው፣ የተፈረሙና የታተሙ ጥቂት የመላኪያ ደብዳቤዎች በፈረቃ ኃላፊው እጅ መኖር፣ ጠዋት ተቆጥሮ መረካከብ። ደብዳቤው ላይም «ሕክምና እንዲደረግለት» ብቻ ሳይሆን «በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት» ተብሎ ይጻፍ። ይህን ሳያዘጋጁ ሠራተኛውን በቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ የሚያሳክሙ አሉ። ያ ካርድ ቤተሰቡ ለዓመቱ ሕመም ብሎ መዋጮ የከፈለበት ነው፤ የአሠሪውን ዕዳ መሸፈኛ ሊሆን አይገባም። ሌላም ጉዳት አለው፤ በዚያ ካርድ የታከመ ሰው በመዝገቡ ላይ እንደማንኛውም የሰፈር ታማሚ ስለሚታይ የጉዳቱ ምንጭ ይድበሰበሳል።

ከዚያ ሕክምናው። አዋጁ በአንቀጽ 105 የሚዘረዝረው ሰፊ ነው፦ ጠቅላላና ልዩ ሕክምና፣ ቀዶ ጥገና፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪ፣ እንዲሁም የሚያስፈልግ ሰው ሠራሽ አካል ወይም የአካል ድጋፍ። ልብ በሉ፣ በብር የተቀመጠ ጣሪያ የለበትም። ጣሪያ ያለው የመድን ውሉ ነው። አሠሪዎች የሚገዙት የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን ለአንድ ሰው በአንድ አደጋ እስከዚህ ያህል ብር ሕክምና ይከፈላል የሚል ገደብ አለው። ገደቡ ሲያልቅ ሰው ሀብት ክፍሉ ለሠራተኛው «ኢንሹራንስህ አለቀ» ይለዋል። ያለቀው በአሠሪውና በመድን ድርጅቱ መካከል ያለው ሒሳብ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን አሠሪው ከኪሱ ይከፍላል፤ ሠራተኛው የመድን ውሉ ተዋዋይ አይደለምና የውሉ ጣሪያ አያስረውም። እዚህ አካባቢ ሠራተኛ በብዛት የሚሸነፍበት ቦታ ይህ ይመስለኛል፤ «ኢንሹራንስ» የሚለው ቃል እንደ መጨረሻ ፍርድ ስለሚሰማ ነው።

አሠሪዎችም እዚሁ ላይ ራሳቸውን ይጎዳሉ። ለመድኑ የሚከፍሉት ዓረቦን የሚሰላው ባስመዘገቡት የዓመት ደመወዝ ልክ ነው። ዓረቦን ለመቀነስ ጊዜያዊ ሠራተኞችን ከዝርዝሩ የሚያስቀር፣ ወይም የሁለት ዓመት የቆየ ፔሮል የሚልክ አለ። አደጋው ያልተመዘገበው ሰው ላይ ሲደርስ መድን ድርጅቱ አይከፍልም፤ በአነስተኛ ደመወዝ የተመዘገበ ከሆነም በዚያው መጠን ቀንሶ ይከፍላል። ሠራተኛ ሲቀጠር፣ ደመወዝ ሲጨመር ለመድኑ በደብዳቤ ማሳወቅ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። አደጋ ሲደርስም ውሉ ላይ ባለው የማስታወቂያ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ፤ «ሲድን ሒሳቡን አንድ ላይ እናቀርባለን» ያለ ድርጅት ብዙ ጊዜ ሒሳቡ ተመልሶበታል።

ደረሰኝ። ሕክምናው ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሲሆን መድኃኒቱ እዚያው ፋርማሲ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ተጽፎ ከውጭ ይገዛል። የውጭ ግዢ የሚመለሰው ሦስት ነገር ሲኖር ነው፦ የሐኪሙ ማዘዣ ቅጂ፣ በታማሚው ስም የተቆረጠ ሕጋዊ ደረሰኝ፣ እና ማዘዣውና ደረሰኙ ላይ ያለው መድኃኒት በስምም በመጠንም መመሳሰል። ፋርማሲው ማዘዣውን ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ከመስጠት በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። ከማሽን የሚወጣ ደረሰኝ ኪስ ውስጥ በላብና በሙቀት ጽሑፉ ይጠፋል፤ በዚያው ቀን ኮፒ ይደረግ። ኦሪጅናሉን ለሰው ሀብት ሲያስረክቡ ስንት ደረሰኝ፣ ድምሩ ስንት ብር፣ ማን እንደተቀበለ የሚገልጽ ፊርማ ኮፒው ላይ ማስፈረም ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። «ሰጥቻለሁ፣ አልተቀበልኩም» የሚለው ጭቅጭቅ የሚያልቀው በዚያች ፊርማ ነው።

ትልቁ ወጪ ብዙ ጊዜ የአጥንት ማያያዣው ብረት ነው። ሐኪሙ ፕሌትና ስክሩ ከውጭ እንዲገዛ ካዘዘ፣ ሠራተኛው ዘመድ አዝማድ አስቸግሮ እስኪያሟላ ቀናት ያልፋሉ፤ ስብራቱ በቆየ ቁጥር ቀዶ ጥገናው ይከብዳል። ሥርዓቱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ከሐኪሙ ዓይነቱንና መጠኑን በጽሑፍ መውሰድ፣ ከአቅራቢ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ማምጣት፣ ፕሮፎርማውን በዚያው ቀን ለድርጅቱ አስገብቶ በድርጅቱ ስም በቀጥታ እንዲከፈል መጠየቅ። «መጀመሪያ አንተ ክፈል፣ በኋላ ይወራረዳል» የሚለው ልማድ የወር ደመወዙ ከብረቱ ዋጋ ለሚያንስ ሰው ሕክምና መከልከል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወረቀት አለ፤ አደገኛ ነው። ድርጅቱ ገንዘቡን ይሰጥና «ለሕክምና የተወሰደ ብድር» የሚል ቅጽ ያስፈርማል። ሠራተኛው በዚያ ሰዓት ምንም ይፈርማል። ከዚያ ሲድን በየወሩ ከደመወዙ ይቆረጣል፣ በጽሑፍ ተስማምቷልና። ገንዘቡን መቀበል ግድ ከሆነ «በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ሕክምና የተከፈለ፣ በደረሰኝ የሚወራረድ» ብሎ መፈረም ነው፤ ቅጹ ሌላ የሚል ከሆነ ከፊርማው በላይ በእጅ ጽሑፍ ማስፈር ይቻላል። «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ስምምነትም ሕክምናው ሳያልቅና የጉዳቱ መጠን ሳይታወቅ አይፈረምም። በሕግ ማፍረስ ይቻል ይሆናል፤ ግን ለምን ወደዚያ ይገባል?

ሪፈር ሲመጣ ሰንሰለቱን መጠበቅ ይጠቅማል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባው አቤት ወይም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲላክ፣ በየደረጃው ያለው የሪፈር ወረቀት ወጪው አስፈላጊ እንደነበር ማስረጃ ነው። ሪፈር ሳይኖር በራስ ፈቃድ ውድ የግል ሆስፒታል መሄድ ሕጉ ባይከለክልም ክርክር ይጋብዛል። የአዲስ አበባው ጉዞ፣ የአስታማሚው መጓጓዣ፣ ምግብና መኝታ ግን ክፍተት ናቸው፤ አዋጁ በስም አልዘረዘራቸውም። ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ጥሩ የኅብረት ስምምነት ያላቸው ፋብሪካዎች ይህን በግልጽ ያስገባሉ፤ ለአስታማሚ በቀን ስንት፣ ለስንት ቀን ብለው። ማኅበር ባለበት ቤት በሚቀጥለው ድርድር ሊነሳ የሚገባው ነጥብ ይህ ነው፣ ከደመወዝ ጭማሪው እኩል።

ስለ ወጌሻ ሳይነሳ አይቀርም፤ ወሎ ነን። ውልቃትን የሚያሽ ሰው የቆየ ሙያ ነው፣ አላናንቅም። ስብራት ላይ ግን በሸምበቆ ተጠፍሮ የታሰረ እጅ ሲያብጥ የደም ዝውውሩ ይታፈናል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ቀለማቸው ከጠቆረ፣ ሕመሙ በማስታገሻ ካልበረደ በሰዓታት ውስጥ መፈታት አለበት፤ ካለዚያ ሥጋው ይሞትና (ጋንግሪን ይሆንና) በጀሶ ይድን የነበረው እጅ ይቆረጣል። ጀሶ የተደረገለት ሰውም ያንኑ ምልክት ካየ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ መመለስ አለበት። በሕግ በኩልም ዋጋ ያስከፍላል፤ ሕክምናን እምቢ ያለ፣ ምርመራ ሆን ብሎ ያዘገየ ወይም መዳኑን የሚያጓትት ነገር ያደረገ ሠራተኛ የገንዘብ ክፍያው ሊታገድበት ይችላል። ችግሩ ሲወገድ ክፍያው ይቀጥላል፣ የታገደበት ጊዜ ግን አይመለስለትም። ከሆስፒታል «በራሴ ፈቃድ ወጥቻለሁ» ብሎ ፈርሞ ወደ ወጌሻ የሄደ ሰው ለአሠሪው ጠበቃ ጥሩ መከራከሪያ ሰጠ ማለት ነው።

የሥራ በሽታም በዚሁ ሥርዓት ይሸፈናል፤ ማረጋገጡ ግን ይከብዳል። የጥጥ ብናኝ ውስጥ የሚሠራ ሰው ከእረፍት ቀን በኋላ በተመለሰበት ቀን ደረቱ የሚጠብቀው ከሆነና በሳምንቱ መጨረሻ ቀለል የሚለው ከሆነ ምልክቱ የታወቀ ነው። ይህን ለሐኪሙ ካልነገሩት «አስም» ተብሎ ያልፋል። የት ክፍል፣ ስንት ዓመት፣ የትኛው ቀን እንደሚብስ ተናገሩ።

ሕክምናው መቼ ያበቃል? የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው እንጂ የድርጅቱ ፋይናንስ ወይም መድኑ አይደለም። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ያለው ፊዚዮቴራፒ ሕክምና ነው። የተገጠመውን ብረት ማውጣት ካስፈለገም፣ ቀዶ ጥገናው ከዓመት በላይ ዘግይቶ ቢሆንም የዚያው ጉዳት ሕክምና ነው። ከሆስፒታል ሲወጡ በማጠቃለያ ወረቀቱ ላይ «ብረቱ ወደፊት ይወጣል» የሚል እንዲጻፍ ማድረግ በኋላ «ፋይሉ ተዘግቷል» የሚለውን ይዘጋል። እግር ወይም እጅ የተቆረጠበት ሰው የሰው ሠራሽ አካሉ ልክ ጉቶው እየሟሸሸ ሲሄድ ስለሚለወጥ፣ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ደሴ ውስጥ የአካል ተሃድሶ ማዕከል ስላለ ለልክና ለጥገና አዲስ አበባ መመላለስ ላያስፈልግ ይችላል። ቦርዱ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚወስነው አካሉ ከተረጋጋ በኋላ፣ ጉዳቱ ከደረሰ በ12 ወር ውስጥ ነው። ቦርድ ፊት ሲቀርቡ የመጀመሪያው ካርድ ቅጂ፣ ራጆቹ ከነቀናቸው፣ የቀዶ ጥገናው ሪፖርትና የአሠሪው የጉዳት ሪፖርት ይያዙ። መቶኛው ከሁኔታው ጋር ካልተመጣጠነ፣ ወይም በኋላ ከባሰ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። ቋሚ ጉዳት ሲኖር የጡረታ ወይም የአንድ ጊዜ ክፍያው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ውስጥ ለተመዘገበ በዚያ በኩል ይሄዳል፤ መዋጮው በየወሩ ገብቶ እንደሆነ ሳይጎዱ በፊት መጠየቅ ጥሩ ነው።

አሠሪው አልከፍልም ካለ መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥር አስደርጉ። ከዚያ ቀድሞ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ይባል የነበረው፣ አሁን በከተማው ሥራና ሥልጠና ስር ያለው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ጋ ማመልከት ይቻላል። አሠሪው ጉዳቱን መዝግቦ ለዚህ ክፍል የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ያላሳወቀው ጉዳት በተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ በሠራተኛው ማመልከቻ ቢሰፍርም አንድ ነገር ነው። ካልሆነ የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፣ አዋጁም ውሳኔ በ60 ቀን እንዲሰጥ ይላል፣ በተግባር ቢረዝምም። የማይጠብቀው ይርጋው፣ ማለትም የመክሰሻው የጊዜ ገደብ ነው። ደመወዝና ሌሎች ክፍያዎች በ6 ወር፣ ሌላው የሥራ ግንኙነት ጥያቄ በመርሕ ደረጃ በአንድ ዓመት ይታገዳሉ። «ሲድንልኝ እከሳለሁ» ብሎ ጀሶው እስኪፈታ የጠበቀ ሰው የመጀመሪያዎቹ ወራት ክፍያ በይርጋ ሊያመልጠው ይችላል። ክሱን በወኪል ማስገባት ስለሚቻል፣ አልጋ ላይ ያለ ሰው ቤተሰቡን ወይም የማኅበሩን ተወካይ ወክሎ በጊዜው ያስገባ።